ጥቂት ሥጋ፣ ብዙ እንግዳ፦ የሥጋ ወጥ ታሪክ በኢትዮጵያ ቤት

ሥጋ ወጥ በኢትዮጵያ ገበሬ ቤት የዘወትር ምግብ ሆኖ አያውቅም። በሬ ያርሳል፤ ላም ትታለባለች፤ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፤ በግና ፍየል ለክፉ ቀን ይሸጣሉ። እንስሳ የሚታረደው ለዓመት በዓል፣ ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለአራስ ወይም ለክቡር እንግዳ ነበር። በዚያ ቀን ከማዕዱ የሚቀርበው ደግሞ ቤተሰቡ ብቻ አልነበረም፤ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የንስሐ አባቱ፣ ደጅ የቆመው የኔ ቢጤም ድርሻ ነበረው። የወጥ ባልትና ያደገው በዚህ ኑሮ ውስጥ ነው። አንዲት ዶሮ ወይም ጥቂት የበግ ሥጋ በሽንኩርት፣ በቅመም፣ በቅቤና ለብዙ ሰዓት በማይጠፋ እሳት በርክቶ ቤት ሙሉ ሰው ያጠግባል። ይህ ባልትና በአንድ ዘመን የተፈጠረ አይደለም። ከብቱ፣ ጨው፣ ጾሙ፣ በርበሬው፣ ድስቱም እያንዳንዳቸው በየዘመናቸው መጥተው ተጨምረውበታል።

ከብት፣ ዶሮና ጨው

በአፍሪካ ቀንድ ከብት የማርባት ልማድ በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ አለው። በድሬዳዋ አቅራቢያ በለጋ ኦዳ የዋሻ ግድግዳ ላይ የጥንት አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ሥለው ትተዋል። የሥዕሎቹ ከብቶች ቀንዳቸው ረጅም ነው፤ ሻኛ ግን የላቸውም። ሻኛ ያለው የከብት ዝርያ መነሻው እስያ ሲሆን ወደዚህ ምድር የገባው ኋላ ነው። ዛሬ የሥጋ ወዳጅ ከብልቶች ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሻኛ፣ በጥንቱ እረኛ ዘንድ ገና የማይታወቅ ነበር ማለት ነው።

ዶሮም ከእስያ የመጣች እንግዳ ናት። በምሥራቅ ትግራይ መዝብር በተባለ የቁፋሮ ቦታ የተገኘው የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1ኛው ሺህ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ የመጣ ነው። በአፍሪካ ምድር ከተገኙት የዶሮ ቅሪቶች እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉትም ይመደባል። ከአክሱም መንግሥት በፊት የነበሩ የደጋ ገበሬዎች በግቢያቸው ዶሮ ያረቡ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የአክሱም ነገሥታት ሲነሡ ሥጋ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው ኢዛና ያመፁበትን ስድስት የቤጃ አለቆች ካስገበረ በኋላ ከነሕዝባቸው ወደ ሌላ አገር አሰፈራቸው። ይህን ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ላይ የስደተኞቹ ቁጥር 4,400 መሆኑ ሰፍሯል። በመንገድ ሳሉ በየቀኑ 22,000 እንጎቻ ዳቦ፣ ሥጋና መጠጥ ይሰጣቸው ነበር፤ ሲሰፍሩ ደግሞ 25,140 ከብት ተከፋፍሎላቸዋል። ለአንድ ሰው በቀን አምስት ዳቦ፣ ለአንድ አለቃ 4,190 ከብት ይደርሳል። ድል ያደረገ ንጉሥ ልግስናውን የሚለካው በዳቦና በከብት እንደነበር ይህ ሒሳብ ይመሰክራል።

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አዱሊስ የመጣው ግሪካዊ ነጋዴ ኮስማስ ደግሞ የአክሱም ሰዎች ሥጋን ለንግድ እንዴት ይጠቀሙበት እንደነበር ጽፏል። ነጋዴዎቹ ሳሱ ወደተባለው የወርቅ አገር በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይወርዳሉ። ከዚያ ሲደርሱ በእሾህ አጥር ያጥራሉ፤ በሬዎቹን አርደው ሥጋውን በየእሾሁ ላይ ይሰቅላሉ፤ ጨውና ብረቱንም አብረው ያኖራሉ። የአገሬው ሰው መጥቶ ከወደደው ሥጋ አጠገብ ወርቅ አስቀምጦ ይርቃል። ነጋዴው በወርቁ መጠን ከተስማማ ያነሣዋል፤ ካልተስማማ ይተወዋል። ቃል ሳይለዋወጡ እንዲህ ይገበያዩ ነበር። በዚያ ንግድ ከሥጋ ጎን የተቆጠረው ጨው በቤት ውስጥም ከሥጋ አልተለየም። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ደጋ የሚወጣው አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል። ሥጋን ከብልሽት የሚያድነውም እርሱ ነው። ሥጋ ተዘልዝሎ በጨው ታሽቶ፣ ከጣሪያው ሥር በገመድ ተሰቅሎ ደርቆ ቋንጣ ይሆናል። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ከአንድ እርድ የተረፈው ሥጋ ለወራት የሚቆየው በዚህ መንገድ ነበር።

ጾምና ፍስክ

ክርስትና በአክሱም ቤተ መንግሥት ከገባበት ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኋላ የሥጋ ቀን መቁጠሪያ ቀስ በቀስ በቤተ ክርስቲያን እጅ ገባ። ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው፤ የነቢያት፣ የሐዋርያት፣ የፍልሰታና የነነዌ ጾሞችም አሉ። ምእመናን ሁሉ እንዲጾሙ የታዘዙት ቀኖች ተደምረው በዓመት 180 ገደማ ሲሆኑ ለካህናት እስከ 250 ይደርሳሉ። በእነዚህ ቀኖች ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ከድስት ይርቃሉ።

ይህ ሥርዓት የባልትናን መልክ ቀረጸ። ዓመቱ ለሁለት ስለሚከፈል እያንዳንዷ ባልተቤት ሁለት ዓይነት ወጥ ማወቅ ግድ ሆነባት፤ አንዱ በኑግ ዘይት የሚሠራው የምስርና የሽሮ ወጥ ነው፤ ሌላው በቅቤ የሚሠራው የሥጋና የዶሮ ወጥ ነው። የሁለቱም መሠረት ግን አንድ ነው። ሽንኩርቱን ማቁላላት፣ ቅመሙን መመጠን፣ እሳቱን መጠበቅ በጾም ቀን ሲለመድ ይኖርና በፍስክ ቀን ለሥጋው ይውላል። በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሠራ የሥጋ ወጥ ሳይበላሽ የሚወጣውም ለዚህ ነው።

ጾሙ ሲፈታ የሚቀርበው ወጥ ልዩ ክብር አገኘ። የሁዳዴ ጾም መፍቻ ዶሮ ወጥ የሚሠራው በቅዳሜ ሹር ነው። ሠሪዋ በዚያች ሰዓት ጾመኛ ናት፤ መቅመስ አይፈቀድላትም። ስለዚህ ጨውን በእጇ መዝና፣ የቅመሙን መብሰል በሽታው ለይታ፣ የወጡን መወፈር በማማሰያው ክብደት አውቃ፣ ቅቤው ከላይ መንሳፈፉን በዓይኗ አይታ ድስቱን ታወጣለች። ከቅዳሴ የተመለሰው ቤተሰብ በዶሮ ጩኸት ማዕድ ሲቀርብ እርሷም ከሁሉ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ትቀምሰዋለች። ሳይቀምሱ ማጣፈጥ የባልትና ፈተና ሆኖ የኖረው በዚህ ሌሊት ምክንያት ነው።

ከ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአገሪቱ የተስፋፋው እስልምናም የራሱን የእርድ ሥርዓት ይዞ መጣ። ክርስቲያኑ በስመ ሥላሴ፣ ሙስሊሙ በቢስሚላህ ያርዳል፤ አንዱ ከሌላው እርድ አይበላም። በዓረፋ የሚታረደው በግ ወይም በሬ ለሦስት ተከፍሎ ሲሶው ለቤተሰብ፣ ሲሶው ለዘመድና ለጎረቤት፣ ሲሶው ለድኾች ይሆናል። የእርዱ መለያየት ግን ጉርብትናን አላፈረሰም። ሙስሊም ደጋሽ ክርስቲያን ወዳጆቹን ሲጠራ በግ ለይቶ ያቀርብላቸዋል፤ እነርሱ ራሳቸው ባርከው ያርዱታል፤ በዚያው ግቢ በሌላ ድስት ይሠራል። ክርስቲያኑም ለሙስሊም ወዳጁ እንዲሁ ያደርጋል።

የነገሥታት ግብር

በመካከለኛው ዘመን ነገሥታት በድንኳን ከተማ እየተዘዋወሩ ሲገዙ ግብር ማብላት ዋና የመንግሥት ሥራ ነበር። ሥርዓተ ግብር የተባለው የግእዝ ጽሑፍ በቤተ መንግሥት ድግስ ለየትኛው ሹም ምን እንደሚሰጥ፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቀመጥና ስንት እንጀራ እንደሚቀርብ ይዘረዝራል። የበሬው ብልት ሁሉ የሚሄድበት ሰው አለው። ብልት አውጪ መሆን ሙያ የሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ቢላዋውን የያዘው ሰው የሥጋውን መገጣጠሚያ ከማዕረጉ ተራ ጋር ጠንቅቆ ማወቅ ነበረበት።

በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት በአገሪቱ ቆይቶ ያየውን በመጽሐፍ አስፍሯል። በአንጎት ገዥ ቤት ሲጋበዙ ከቀረበላቸው ውስጥ ጥሬ ሥጋና ፖርቱጋሎቹ ሊደፍሩት ያልቻሉት ማባያ ይገኝበታል። አስተናጋጆቹ ግን በታላቅ ደስታ ይበሉት ነበር። ጥሬ ሥጋ በመኳንንት ግብር የነበረው ስፍራ ጥንታዊ መሆኑን ይህ ምስክርነት ያጸናል። ጥሬ ሥጋ የሰንጋ ጣይ ምግብ ነው፤ ትኩስ እርድና የተትረፈረፈ ብልት ይጠይቃል። ዋጋም አለው፤ በጥሬ ሥጋ የሚተላለፈውን የሆድ ትል ለማውጣት ሰው በየጊዜው መራራውን ኮሶ ሲጠጣ ኖሯል። ጥቂት ሥጋ ያለው ቤት ግን በጥሬው ከፋፍሎ አይጨርሰውም፤ ድስት ይጥዳል።

በርበሬ ሳይመጣ፣ በርበሬ ከመጣ በኋላ

ዛሬ ወጥ ሲባል ቀዩ መልክ አስቀድሞ ይታሰባል። ቀይ የሚያደርገው ዛላ በርበሬ ግን የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው፤ ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት በአፍሪካም በእስያም አልነበረም። ክርስቶፎር ኮሎምቦስ ውቅያኖሱን ከተሻገረ በኋላ የአውሮፓ መርከበኞች፣ በተለይም ፖርቱጋሎች፣ ፍሬውን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አፍሪካና ወደ ሕንድ ዳርቻዎች አደረሱት። በኢትዮጵያ ቆላና ወይና ደጋም በቀለ።

ከዚያ በፊት የነበረው ወጥ የሚያቃጥለው በሌላ ቅመም ነበር። ከሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ቁንዶ በርበሬ ይመጣ ነበር፤ ዝንጅብልም እንዲሁ። ኮረሪማ ግን የአገሩ ተክል ነው፤ በደቡብ ምዕራብ ጫካዎች ውስጥ ዛሬም በዱር ይበቅላል። አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጤና አዳምና በሶብላ በየጓሮውና በየገበያው ይገኙ ነበር። በርበሬ የሌለበት አልጫ ያን ዘመን ያስታውሳል፤ የበግ አልጫ በእርድ፣ በዝንጅብልና በኮረሪማ ብቻ ጣፍጦ ዛሬም ከቀዩ ወጥ ጎን ይቀርባል።

አዲሱ በርበሬ የቀድሞዎቹን ቅመሞች አላባረረም፤ ሰበሰባቸው። ዛላው ይቀነጠሳል፤ ይታጠባል፤ በፀሐይ ይደርቃል። ከዚያ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ይደለዛል፤ ተሸፍኖ ያድራል፤ እንደገና ይሰጣል። በመጨረሻ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱና ነጭ አዝሙዱ ታምሶ ይጨመርበትና ይፈጫል። ሥራው ቀናት ይፈጃል፤ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ቡና እየተፈላ፣ በማስነጠስና በሳቅ መካከል ይከናወናል። በአንድ ጊዜ የተዘጋጀው በርበሬ የዓመት ቀለብ ነው። በዚህ ዱቄት ውስጥ ከአሜሪካ የመጣው ፍሬ፣ ከእስያ የመጣው ዝንጅብልና የአገሩ ኮረሪማ አንድ ላይ ሆነው ይገኛሉ።

የጎንደር ማዕድ

አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ሲያደርጉ ቤተ መንግሥቱ ከድንኳን ወደ ግንብ ገባ። መኳንንቱ፣ ካህናቱ፣ ነጋዴዎቹና የእጅ ባለሙያዎቹ በአንድ ከተማ መኖር ሲጀምሩ ገበያው ሰፋ፤ የጓዳው ሥራም ረቀቀ። ድስቱን፣ ምጣዱንና ጀበናውን በብዛት ይሠሩ የነበሩት በአካባቢው የሚኖሩ የቤተ እስራኤል ሴቶች ነበሩ፤ ወንዶቻቸው በቀጥቃጭነት ማረሻና ቢላዋ ይሠሩ ነበር። የሸክላ ድስት ሙቀትን ቀስ ብሎ ተቀብሎ ቀስ ብሎ ይለቃል፤ ሽንኩርት ሳያር ለሰዓታት እንዲቁላላ የሚያስችለውም ይህ ጠባዩ ነው።

በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ መኳንንቱ ድግስ የጻፈው ታሪክ በለንደን ብዙ አንባቢ አላመነውም። በድግሱ ጥሬ ሥጋ በጤፍ እንጀራ ተጠቅልሎ፣ ቁንዶ በርበሬ ወይም በርበሬና አሞሌ ጨው ተነስንሶበት ይበላ እንደነበር ገልጿል። ይህች ትንሽ ዝርዝር ለወጥ ታሪክ ትጠቅማለች፤ የድሮው ቁንዶ በርበሬና አዲሱ በርበሬ በአንድ ማዕድ ላይ ተፈራርቀው የሚቀርቡበትን ጊዜ ታሳያለችና። ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ከ1835 እስከ 1838 ዓ.ም. በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ማንስፊልድ ፓርኪንስ ስለ አበሻ ምግብ ሲጽፍ በርበሬና ድልህ ሰፊ ቦታ አላቸው። እንግዳው ተክል በዚያን ጊዜ የአገሩ ሰው ምግብ መለያ ሆኖ ነበር።

ዶሮ ወጥ የበዓል ወጥ ሁሉ ቁንጮ የሆነውም በእነዚህ ዘመናት በተከማቸ ሙያ ነው። ዶሮዋ ታርዳ በፈላ ውኃ ትነጫለች፤ ቀሪው ላባ በነበልባል ይለበለባል። ከዚያ ብልቷ ይወጣል። ባለሙያ ሴት ቢላዋዋን በመገጣጠሚያው እየመራች፣ አጥንት ሳትሰብር፣ ፈረሰኛውን፣ መላላጫውን፣ ታፋውን፣ እግሩን፣ ክንፉን በየተራ ለይታ 12 ብልት ታወጣለች። አዲስ ሙሽራ በአማቷ ቤት የምትመዘነው በዚህ ነበር። ብልቱ በሎሚና በጨው ተደጋግሞ ይታጠባል፤ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ እጅ አይነሣም።

ሽንኩርቱ ከሥጋው ይበዛል። ለአንዲት ዶሮ ሁለትና ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ይከተፋል፤ ቅባት ሳይነካው ደረቅ ድስት ውስጥ ገብቶ ይቁላላል። ሊያር ሲል ጠብታ ውኃ ጣል ይደረግበታል። ነጭነቱ ይጠፋል፤ ይሟሟል፤ ቡናማ ይሆናል። በርበሬው ሲጨመርበት ቁሌቱ ይጀምራል። ድስቱ ጥጥ ጥጥ እያለ ይተፋል፤ ሠሪዋ ውኃ ጠብ እያደረገች ታማስላለች፤ የበርበሬው ጥሬ ሽታ እስኪጠፋ ትታገሣለች። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ይከተላሉ፤ በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በእርድ የተነጠረው ቅቤ ይገባል። ብልቱ የሚጨመረው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እንቁላሉ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ወጡ እንዲገባው ዙሪያውን ተሰንጥቆ ይታከላል፤ መከለሻው በመጨረሻ ይነሰነሳል። ሥጋው ለእንግዶች በማዕረግ ተራ ይታደላል፤ መረቁና ሽንኩርቱ ግን ለሁሉ ይደርሳል። ብልት ያልደረሰው ልጅ እንኳ የዶሮዋን ጣዕም በእንጀራው ላይ ያገኘዋል።

ክፉ ቀን

በ1880 ዓ.ም. ገደማ የጀመረው መከራ ይህን ሁሉ አናጋው። ጣሊያኖች ለምፅዋ ጦራቸው ከሕንድ ካስመጧቸው ከብቶች ጋር የከብት ደስታ በሽታ ገባ። በሽታው በጥቂት ዓመት ውስጥ ከሰሜን እስከ ደቡብ አዳርሶ፣ በብዙ አካባቢ ከአሥር ከብት ዘጠኙን ፈጀ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመሩ። እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ረኀብ ክፉ ቀን ተብሎ ይታወሳል፤ እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀበት። አፄ ምኒልክ ሕዝቡ ያለ በሬ እንዲያርስ ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ።

ክፉ ቀን ያስተማረው ትምህርት በገበሬ ቤት ሥር ሰደደ። የበሬ መሞት የምግብ መጥፋት መሆኑን ያየ ትውልድ የሚያርስ በሬ ለሥጋ ማረድን እንደ ጥፋት ቆጠረው። ለእርድ የሚቀርበው ከእርሻ ጡረታ የወጣ ወይም ለብቻው የተቀለበ ሰንጋ ሆነ። ለአንድ ቤት ሙሉ በሬ የማይታሰብ ሲሆን ደግሞ ቅርጫ አለ። ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ ይገዛሉ። በበዓሉ ዋዜማ ወይም ሌሊቱን ይታረዳል። ቆዳው ተገፎ ሥጋው በቅጠል ላይ ይዘረጋል። ብልት አውጪው ከሽንጡም፣ ከዳቢቱም፣ ከጎድኑም፣ ከታላቁም፣ ከፍሪምባውም ለእያንዳንዱ መደብ እኩል እየቆረጠ ይጥላል፤ ከሻኛው፣ ከጉበቱና ከጨጓራው ሳይቀር ለሁሉ ይደርሳል። ዓይን ያየው ልዩነት በቁራጭ ይስተካከላል። ከዚያ ዕጣ ይጣላል፤ ማን የትኛውን መደብ እንደሚወስድ የሚወስነው ዕጣው ነው።

የቅርጫ ሥጋ ቤት ሲገባ የራሱ የቀን ተራ አለው። በመጀመሪያው ቀን ጨጓራውና ጉበቱ ተከትፎ ዱለት ይሆናል፤ ለስላሳው ሥጋ ይጠበሳል። አጥንቱ ለቅቅል ይቀመጣል፤ ጎድኑ ለአልጫ፣ ጅማት ያለው ሥጋ ብዙ ሰዓት ለሚበስለው ቀይ ወጥ፣ በደቃቁ የተከተፈው ለምንቸት አብሽ። ጎመን በሥጋ ጥቂት አጥንት ብቻ የቀረበትን ቀን ያሳልፋል። ቀይ ሥጋው ተዘልዝሎ ቋንጣ ይሰቀላል፤ በዓሉ ካለፈ ከሳምንታት በኋላም በቋንጣ ፍርፍር ተመልሶ ይመጣል።

አዲስ አበባ

በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ የአገሩን ድስት ሁሉ በአንድ ከተማ ሰበሰበች። እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምረቃ ያዘጋጁት ድግስ ታላቅነቱ ሲወራ ኖሯል፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም በዜና መዋዕላቸው መዝግበውታል። ከዚያ በኋላ በተሠራው የምኒልክ አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው በተራ እየገባ ግብር ይበላ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ወታደርና ባለጉዳይ የሸዋን ወጥ እዚያ ቀመሰ፤ የየራሱን ሙያም ወደ ከተማይቱ ጓዳዎች አመጣ።

የማገዶ ችግር ከተማይቱን ሊያስነሣት ሲደርስ በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ አዳናት። ለረጅም ሰዓት የሚነድ እሳት የሚጠይቀው ወጥ በከተማ መሠራቱን የቀጠለው በዚህ ዛፍ ነው። በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ ሲደርስ የብረት ድስቶችና የፋብሪካ ዕቃዎች በብዛት ገቡ። የብረቱ ድስት ፈጥኖ ይግላል፤ አይሰበርም። ሸክላው ግን በብዙ ቤት ለዶሮ ወጥ ተለይቶ ተቀመጠ።

ከጉራጌ አገር ለሥራ የመጡ ሰዎች ክትፎን ለከተማው አስተዋወቁ። በጉራጌ ክትፎ የመስቀል ምግብ ነው፤ በየከተማው የተበተነው ልጅ በመስቀል ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። ቀይ ሥጋ ጅማቱ ወጥቶ በእንጨት ገበታ ላይ በቢላዋ ይከተፋል፤ በተነጠረ ቅቤና በሚጥሚጣ ይታሻል፤ በጣባ ሆኖ ከቆጮ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር ይቀርባል። ጥሬውን የማይፈልግ ለብ ለብ ያደርገዋል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣሊያን ወረራ በብዙ ደም የተከፈለ ዘመን ነበር። ወራሪው ሲባረር በከተማ ቤቶች የቀረው አንዱ ነገር የፓስታ ልማድ ነው። የቤት እመቤቶች ግን የጣሊያኑን የሥጋ ስጎ እንዳለ አልያዙትም። ሽንኩርቱን በወጥ ደንብ አቁላልተው፣ ቲማቲሙን አብዝተው፣ በርበሬ ጣል አድርገው የራሳቸው አደረጉት። ቲማቲም በቀይ ወጥ ውስጥም እየተለመደ መጣ።

በ1940ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባ የቄራዎች ድርጅት ሲቋቋም እርድ ከግቢ ወደ ተቋም መሄድ ጀመረ፤ ሰፈሩም ቄራ ተብሎ ቀረ። ሐኪም ያየውና ማኅተም ያረፈበት ሥጋ በየልኳንዳ ቤቱ በኪሎ ይሸጥ ገባ። ይህ ለሥጋ ወጥ ትልቅ ለውጥ ነበር። ግማሽ ኪሎ ሥጋ ገዝቶ በተራ ቀን ወጥ መሥራት ተቻለ፤ ደሞዝተኛ ቤት በዓል ሳይጠብቅ ሥጋ ቀመሰ። በኋላም የባልትና ቤቶች የተዘጋጀ በርበሬና መከለሻ መሸጥ ሲጀምሩ፣ ለቀናት ይሠራ የነበረው የበርበሬ ዝግጅት በአንድ ከረጢት ውስጥ ገባ።

ድስቱ ባሕር ሲሻገር

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተሰደዱ። በዋሽንግተን ከተማ ማማ ደስታ የተባለው ምግብ ቤት በ1978 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ለስደተኛው የናፍቆት ማስታገሻ፣ ለአሜሪካዊው የማያውቀው ማዕድ ሆነ። በሰው አገር የሥጋው ዓይነት፣ የሽንኩርቱ ጠባይ፣ የምድጃው ኃይልም ተለወጠ። የፈረንጅ ሽንኩርት ትልቅና ውኃ የበዛበት ነው፤ ደርቆ እስኪቁላላ የሚፈጀው ሰዓት ይረዝማል። የፈረንጅ ዶሮ ለስላሳ ነች፤ እንደ አበሻ ዶሮ ብዙ ብትቆይ ትፈርሳለች። ስለዚህ ቁሌቱ ለብቻው በደንብ ይበስልና ዶሮዋ በመጨረሻ ትገባለች። በርበሬውና ቅቤው ግን ከአገር ቤት በሻንጣ ይመጣል፤ በገልፍ አገሮች የሚሠሩ እኅቶችም የሚቋጥሩት ይህንኑ ነው።

የቤተ እስራኤል ሕዝብም ከ1977 ዓ.ም. የሙሴ ዘመቻና ከግንቦት 1983 ዓ.ም. የሰሎሞን ዘመቻ ጋር በብዛት ወደ እስራኤል ገባ። እናቶቻቸው ለጎንደር ድስት ይሠሩ የነበሩት ሰዎች በአዲሱ አገራቸው ወጣቸውን በብረት ድስት ቀጠሉት። በእስራኤል የሚሠራበት የአይሁድ ሕግ ሥጋን ከወተት ጋር ማብሰል ስለሚከለክል፣ ሕጉን የሚጠብቅ ቤት ዶሮ ወጡን በዘይት ይሠራል። በሽንኩርቱ ብዛትና በቁሌቱ ትዕግሥት ግን ለውጥ የለም።

በአገር ቤት ዛሬ ሽንኩርት በመፍጫ ይደቅቃል፤ ወጥ በኤሌክትሪክና በጋዝ ምድጃ ይበስላል፤ የተረፈው ሥጋ በማቀዝቀዣ ይቀመጣል። የሥጋና የቅቤ ዋጋ ሲወደድ ቅርጫ በኮንዶሚኒየም ሰፈርም በርትቷል፤ የአንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ተሰባስበው በሬ ይገዛሉ፤ ግቢያቸው ውስጥ መደብ ይደለድላሉ። ዶሮ መግዛት የከበደው ቤት በሽንኩርቱና በበርበሬው ላይ እንቁላል ብቻ ጨምሮ የእንቁላል ወጥ ይሠራል፤ በዓሉን በዚያው ያከብራል። በቅዳሜ ሹር ማታም ጾመኛዋ ሠሪ ድስቱን ገልጣ ታሸታለች፤ ጨው ትመጥናለች፤ ሳትቀምስ ትከድነዋለች።